ነጭ ጭስ፣ ጥቁር ጭስ፦ በውጊያ በረራ ሲሙሌተር የተመታ አውሮፕላን እንዴት ይነበባል?

የውጊያ በረራ ሲሙሌተር (የጦር አውሮፕላን አበራረርን የሚያስመስል የኮምፒውተር ጌም) በሚጫወቱ የባሕር ዳር ወጣቶች መካከል ሳይቋጭ የሚኖር ክርክር አለ። አንዱ ከኋላ ገብቶ ይተኩሳል፤ የተመታው አውሮፕላን ነጭ ጭስ እየጎተተ ሲሸሽ «አለቀለት» ተብሎ ይተዋል። ጥቂት ቆይቶ ያው «ያለቀለት» አውሮፕላን ዞሮ መጥቶ ተኳሹን ይመታዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጭስ የሚባል ነገር ያልታየበት አውሮፕላን በድንገት አፍንጫውን ደፍቶ መሬት ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ማብራሪያ ያው ነው፦ «ጌሙ ያጭበረብራል»፣ ካልሆነም «ኔትወርኩ ነው»። ሁለቱም አልፎ አልፎ እውነት ይሆናሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ስሕተቱ ጭሱ ከየት እንደሚወጣና የምን ጭስ እንደሆነ ሳይለዩ በቀለሙ ብቻ መፍረድ ነው።

ውዥንብሩ ከጌም ቤት ወጥቶ ዜና ውስጥም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 የዩክሬን ጦርነት እንደተጀመረ «የኪየቭ መንፈስ» የተባለ አብራሪ የሩሲያ አውሮፕላን ሲጥል ያሳያል ተብሎ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው ቪዲዮ ዲሲኤስ በተባለው ሲሙሌተር የተሠራ ነበር። ጭሱ ላይ ያፈጠጠ ሰው ሌላውን ምልክት ሁሉ አለፈው።

የሚሰላውና የሚታየው

ሲሙሌተሩ የተመታን አውሮፕላን ሁኔታ የሚያሰላበት ክፍል «የጉዳት ሞዴል» ይባላል። ቀለል ያለው ሞዴል ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ክፍል የተወሰነ ነጥብ ይሰጥና ጥይት ባገኘው ቁጥር ይቀንስበታል፤ ነጥቡ ሲያልቅ ክንፉ ይቆረጣል ወይም ሞተሩ ይቆማል። ረቀቅ ያለው ደግሞ ጥይቱ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ ተከትሎ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ያሰላል፦ የነዳጅ ታንኩን፣ ራዲያተሩን፣ ክንፉን የተሸከመውን ምሰሶ፣ የመሪ ገመዱን፣ አብራሪውንም ጭምር። ኢል-2 ስቱርሞቪክ፣ ዲሲኤስ ወርልድና ዋር ተንደር በጥልቀት ይለያዩ እንጂ ወደ ሁለተኛው ያደላሉ።

ይህ ስሌት ለተጫዋቹ አይታይም። ዐይን ጋ የሚደርሰው ከስሌቱ ተቀንሶ የተሳለ ሥዕል ነው፦ በቆዳው ላይ የሚለጠፍ ቀዳዳ፣ የሚበተን ስብርባሪ፣ ጭስና እሳት። ቀዳዳዎቹ በብዙ ጌሞች አስቀድመው በጥቂት ደረጃዎች ተዘጋጅተው የተቀመጡ ሥዕሎች ስለሆኑ ጥይቱ በትክክል ያረፈበትን ቦታ ላያሳዩ ይችላሉ። ወንፊት የመሰለ ክንፍ ምሰሶው ካልተነካ መሸከሙን ይቀጥላል። በተቃራኒው የተበጠሰ የኤለቬተር (አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዞረው የጭራ ክፍል) ገመድ ወይም የቆሰለ አብራሪ አንዲት ክር ጭስ አያወጣም። ያ ጭስ ሳይታይበት አፍንጫውን ደፍቶ የወደቀው አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይኸው ነው። ስለዚህ ከጭሱ እኩል የሚታየው አበራረሩ ነው፤ ቀጥ ብሎ ያለ መታጠፍ የሚሄድ፣ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚዞር ወይም ቀስ እያለ ከፍታ የሚጥል አውሮፕላን ጭስ ባይኖረውም ጤነኛ አይደለም።

ነጭ ጭስ፦ ነዳጅ ወይስ የራዲያተር ፈሳሽ?

ትልቁ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ነጭ ሆኖ የሚታየው ነገር በአብዛኛው ጭስ አይደለም፤ የተበተነ ፈሳሽ ወይም እንፋሎት ነው። ጢስ ዓባይን ከሩቅ ያየ ሰው የሚያየውም ጭስ ሳይሆን የውሃ ብናኝ ነው። ጥያቄው ፈሳሹ የትኛው ነው የሚለው ነው፤ መልሱ የአውሮፕላኑን ዕድሜ ይወስናል።

ነዳጅ ሲፈስ ቀጭን፣ ሳሳ ያለ ነጭ መስመር ይታያል። ቤንዚኑ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነፋሱ ይበትነዋል እንጂ አይፈላም፤ ለዚህ ነው መስመሩ ቶሎ የማይሰፋው። የራዲያተር ፈሳሽ ግን ሌላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊዎች ላይ የነበሩት በፈሳሽ የሚቀዘቅዙ ሞተሮች ውሃና ግላይኮል (የመኪና አንቱፍሪዝ የሚሠራበት ፈሳሽ) ቀላቅለው በግፊት በታሸገ ቧንቧ ውስጥ ያዞራሉ። በአሜሪካው ፒ-51ዲ ሙስታንግ የፈሳሹ ጤናማ ሙቀት ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ጣሪያው 121 ነው። በዚህ ሙቀት እንዳይፈላ የሚይዘው ግፊቱ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በ6,000 ሜትር ከፍታ ደግሞ በ80 ዲግሪ አካባቢ። እንግዲህ 105 ዲግሪ የሞቀ ፈሳሽ በዚያ ከፍታ ላይ ቧንቧው ሲበሳ ግፊቱ ይለቀቅና በወጣበት ቅጽበት ይፈላል። ወፍራም፣ ሰፊና ደመና የመሰለ ነጭ ጅራት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሲሙሌተር ሠሪዎችም ሁለቱን የሚለዩት በዚሁ በስፋታቸውና በድፍነታቸው ነው።

ስፋቱ አጠራጣሪ ሲሆን የሚያስፈርደው ጅራቱ የሚጀምርበት ቦታ ነው፤ ይህ ደግሞ የአውሮፕላኑን የውስጥ አቀማመጥ ማወቅ ይጠይቃል። ሙስታንግ ራዲያተሩ ከሆዱ ሥር ከአብራሪው ኋላ ነው፤ ዋና የነዳጅ ታንኮቹ በሁለቱ ክንፎች ውስጥ ናቸው። የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 በተገላቢጦሽ ነው፦ ሁለት ራዲያተሮቹ ከክንፎቹ ሥር ወደ ገላው ተጠግተው፣ 400 ሊትር የሚይዘው ታንኩ ደግሞ ገላው ውስጥ ከአብራሪው ሥርና ኋላ። ስለዚህ ከክንፍ ሥር የሚወጣ ነጭ ጅራት በሙስታንግ ላይ ነዳጅ፣ በሜሰርሽሚት ላይ ራዲያተር ነው። ከሆድ የሚወጣው ደግሞ በሙስታንግ ላይ ራዲያተር፣ በሜሰርሽሚት ላይ ነዳጅ። ተመሳሳይ ሥዕል፣ ተቃራኒ ትርጉም። የእንግሊዙ ስፒትፋየርም ራዲያተሩን ከክንፍ ሥር ነው የያዘው፤ ዋና ታንኮቹ ግን ከአብራሪው ፊት፣ ከሞተሩ ኋላ ስለሆኑ ነዳጁ የሚወጣው ከገላው ነው።

ከቀጥታ ኋላ ሆኖ ይህን መለየት ይከብዳል፤ ክንፉ፣ ሆዱና ጭሱ በአንድ መስመር ይደራረባሉ። ጋዝ ቀነስ አድርጎ ሠላሳ አርባ ሜትር ወደ ጎንና ወደ ላይ ወጣ ብሎ ማየት ምንጩን ያሳያል።

በአየር የሚቀዘቅዙ ሞተሮች ላይ ጉዳዩ ይቀላል። የጀርመኑ ፎክ-ዉልፍ 190ኤ ባለ 14 ሲሊንደር፣ የአሜሪካው ፒ-47 ባለ 18 ሲሊንደር ሞተር አላቸው፤ ራዲያተርና ግላይኮል የሚባል ነገር የላቸውም። ከነዚህ የሚወጣ ነጭ መስመር የራዲያተር ሊሆን አይችልም፤ ነዳጅ ነው ብሎ መነሳት ይሻላል። አንድ ሁለት ሲሊንደር ተመትቶባቸው እንኳ እያንኳኩ ቤታቸው ሊደርሱ ስለሚችሉ «ጭሷል፣ ይበቃዋል» የሚለው ፍርድ በነዚህ ላይ ቶሎ ይከሽፋል።

ጅራቱ ሲቋረጥ

ጭሱ ቆመ ማለት አውሮፕላኑ ዳነ ማለት አይደለም። የነዳጅ መስመር ከሆነ፣ ታንኩ ራሱን ደፍኖ ሊሆን ይችላል። የዘመኑ ብዙ ተዋጊዎች ታንክ በጎማ የተሸፈነ ነበር፤ ከውስጥ ያለው ያልበሰለ የጎማ ንጣፍ ቤንዚን ሲነካው ያብጥና የመትረየስ ጥይት የበሳውን ቀዳዳ ይዘጋል። በ20 ሚሊሜትር መድፍ የተተረተረ ታንክ ግን እብጠቱ አይበቃውም። ዜሮ የተባለው የጃፓን ተዋጊ በጦርነቱ መጀመሪያ ዓመታት ይህ መከላከያ ስላልነበረው በትንሽ ጥይት ይቀጣጠል ነበር።

የራዲያተር ጅራት ሲቋረጥ ትርጉሙ ብዙ ጊዜ የባሰ ነው፤ ፈሳሹ አልቋል። ሞተሩ ለጊዜው ይሽከረከራል፣ አውሮፕላኑም ንጹሕ ይመስላል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ግን ይቆማል። ሦስተኛው አማራጭ የአብራሪው ብልሃት ነው። ጋዝ የቀነሰ ወይም ሞተሩን ያጠፋ ተጫዋች ጅራቱ ይሳሳለታል፤ አሳዳጁም ትቶት ይሄዳል።

ጥቁሩ

የሞተር ዘይት ሲፈስ ጠቆር ያለ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀጭን መስመር ይሆናል። መስመሩ ትንሽ ቢመስልም መዘዙ ትልቅ ነው፤ ዘይት ሲያልቅ ኩሽኔታዎቹ ይደርቃሉ፣ ሞተሩም ይጣበቃል። ወፍራም ጥቁር ጭስ የሞተሩን የውስጥ መሰበር ወይም የሚጀምር እሳት ያመለክታል። ነበልባል ከታየ ብዙ ክርክር አያስፈልግም፤ ያም ሆኖ በአንዳንድ ሲሙሌተሮች ቀጥ ብሎ ወደ ታች በመወርወር እሳቱ የሚጠፋበት አጋጣሚ አለ።

ቀለም ራሱ ያታልላል። ፀሐይ ከጅራቱ ጀርባ ስትሆን ነጩ እንፋሎት ጥላ ሆኖ ጥቁር ይመስላል። ማታ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ በሲሙሌተር ሲዋጉ «ዘይቱን መታሁት» የሚለው ግምት በተለይ ይሳሳታል። ከጎን ታይቶ እስኪረጋገጥ ድረስ ከቀለሙ ይልቅ ስፋቱንና መነሻውን ማመን ይመረጣል።

ጉዳት ያልሆነ ጭስ

ጤነኛ አውሮፕላንም ይጨሳል። የመጀመሪያዎቹ የስፒትፋየር ሞተሮች አፍንጫቸው በድንገት ወደ ታች ሲደፋ ካርቡሬተራቸው ነዳጁን መቆጣጠር ያቅተው ነበር፤ ሞተሩ ለአፍታ ይቆራረጥና ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ቡፍ ይላል። ሲሙሌተሩ ያንን ሲያስመስል ያየ ተጫዋች መታሁት ብሎ ያስባል።

በከፍታ የሚታየው ረጅም ነጭ መስመር፣ ኮንትሬይል የሚባለው፣ ከሞተሩ የወጣው እርጥበት በብርዱ ወደ በረዶ ብናኝ ተለውጦ ነው። በአብዛኛው ከ8,000 ሜትር በላይ፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ይፈጠራል። በዝቅታ ደግሞ አውሮፕላን አጥብቆ ሲታጠፍ ከክንፎቹ ጫፍ ቀጫጭን ነጭ ክሮች ይወጣሉ። ክሮቹ በሁለቱም ጫፍ እኩል መሆናቸውና መታጠፉ ሲላላ መጥፋታቸው ከነዳጅ ይለያቸዋል።

በጄት ዘመን ኤፍ-4 ፋንተም እና ሚግ-29 ለጭሳቸው የታወቁ ናቸው፤ ሞተራቸው በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ጠቆር ያለ ጅራት ይተዋሉ። የኋላ ማቃጠያው (አፍተርበርነሩ) ሲበራ ጭሱ ይቀንሳል። በዲሲኤስ ውስጥ ጭስ የሚጎትት ሚግ-29 አይቶ «ሞተሩ ተመትቷል» ማለት ጤነኛውን ጠላት እንዳለቀለት ቆጥሮ መተው ነው።

ይለቀቅ ወይስ ይጨረስ?

ተጫዋቾች እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን የራዲያተር ጅራት ያወጣ አውሮፕላን በራሱ ስለሚወድቅ ጥይት መቆጠብ፣ ይልቁንም ከኋላ ለሚመጣው መጠንቀቅ ይሻላል ይላል። የተመታን አውሮፕላን እስከ መሬት ሲከተሉ ከጀርባ መመታት በሲሙሌተር ውጊያ ከተለመዱት አሟሟቶች አንዱ ነውና ክርክሩ ጉልበት አለው። ሁለተኛው ወገን የቆሰለም ቢሆን መተኮስ ይችላል፤ ክንፉ እስኪቆረጥ ወይም አብራሪው እስኪዘል መተው የለበትም ይላል።

መልሱ በአውሮፕላኑ ዓይነትና በምንጩ ይወሰናል። ራዲያተሩ የተመታ ሜሰርሽሚት ከግዛቱ ርቆ ከሆነ መልቀቁ ያዋጣል። ነዳጅ ብቻ የሚያፈስ ፎክ-ዉልፍ ግን ለመዋጋት ምንም አልጎደለውም፤ የጎደለው የመመለሻው ርቀት ነው። ለዚህ ጸሐፊ ሚዛን የሚደፋው የመጀመሪያው ወገን ነው፤ ሁኔታው ግን «ጭስ አየሁ» ሳይሆን «ሰፊ ነጭ ጅራት ከራዲያተሩ ቦታ አየሁ» የሚል መሆን አለበት።

ሌላው ክርክር የጉዳት ሞዴሉ እውነታውን ይመስላል ወይ የሚለው ነው። ብዙዎች ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡት በጦርነቱ ጊዜ ከመትረየስ ጋር በተገጠሙ ካሜራዎች የተቀረጸውን ፊልም ነው፤ በዚያ ላይ አውሮፕላኖች በአንድ ተኩስ ይቀጣጠላሉ። ፊልሞቹ ግን ተመርጠው የተቀመጡ ናቸው። ተመትተው ያመለጡትን ማንም አላስቀመጠም። የሒሳብ ሊቁ አብርሃም ዋልድ እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ባቀረበው ጥናት ይህንኑ ከሌላው ጫፍ አሳይቷል፦ በተመለሱት አውሮፕላኖች ላይ ቀዳዳ የበዛበት ቦታ ተመትቶም የሚያስመልስ ነው፤ መጠናከር ያለበት ቀዳዳ ያልታየበት ነው፤ እዚያ የተመቱት አልተመለሱምና። በሲሙሌተርም ወንፊት ሆኖ የሚበር አውሮፕላን «ሞዴሉ ውሸት ነው» አያሰኝም።

ጥይቱም ይለያያል። የጀርመኑ 20 ሚሊሜትር መድፍ ስስ ግድግዳ ያለው ጥይት 18 ግራም ያህል ፈንጂ ይይዛል፤ ቆዳውን ይገነጥላል፣ ትልቅ ብልጭታም ያሳያል። የአሜሪካው 12.7 ሚሊሜትር መትረየስ ብልጭታው ትንሽ ሆኖ ዘልቆ ይገባል፤ ታንክና ራዲያተር የሚበሳው በዚያ ነው። ብልጭታ የበዛበት ተኩስ ሁልጊዜ የበለጠ ጎድቷል ማለት አይደለም።

የራስ አውሮፕላን ሲመታ

የራስን ጉዳት ከመስኮት ሳይሆን ከጌጆቹ ማንበብ ይቀላል። ዋር ተንደር በትንሽ የአውሮፕላን ሥዕል ላይ የተጎዳውን ክፍል በቀለም ያሳያል፤ ኢል-2 ደግሞ «ቴክኖቻት» የሚባሉ አጫጭር ጽሑፎች አሉት። ጠበቅ ባሉ ሰርቨሮች ግን እነዚህ ይዘጋሉ።

በሙስታንግ ቢሆን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከተኩሱ መስመር መውጣት፤ ጌጅ ማየት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከዚያ የዘይት ግፊት፦ ጤናማው ከ70 እስከ 80 ፒኤስአይ ነው፤ እየወረደ ከሆነ የቀረው ጊዜ አጭር ነው። ቀጥሎ የፈሳሹ ሙቀት። ወደ 121 እየተጠጋ ከሆነ ጋዝና የፕሮፔለር ዙር መቀነስ፣ የራዲያተሩን መዝጊያ ከአውቶማቲክ አውጥቶ በእጅ መክፈት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ በእውነተኛው ሞተር ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ ካለቀ የሙቀት መለኪያው የሚነካው ፈሳሽ ስለማያገኝ ሞተሩ እየነደደ መርፌው ሊወርድ ይችላል። ጅራቱ ቆሞ መርፌው ከወረደ ደስታ ሳይሆን ማረፊያ ፍለጋ ነው።

ከፍታ ገንዘብ ነው። የዚያ ዘመን ተዋጊ ሞተሩ ቆሞ በግምት በ1 ሜትር ውድቀት 10 ሜትር ወደፊት ይንሸራተታል፤ ፕሮፔለሩ እየጎተተ ከዚያም ያንሳል። ከመሬት 3,000 ሜትር ላይ ያለ ቢበዛ 30 ኪሎ ሜትር አለው ማለት ነው፤ ጣና 66 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው ከግማሹ አያልፍም። የከፍታ መለኪያው ከባሕር ወለል የሚቆጥር ከሆነ የመሬቱን ከፍታ መቀነስ አይረሳም፤ እንደ ባሕር ዳር ባለ ቦታ መለኪያው 4,800 ሲል ከሐይቁ ያለው 3,000 ብቻ ነው።

ኔትወርኩና ግራፊክሱ

«ኔትወርኩ ነው» የሚለው ሰበብ መሠረት የሌለው አይደለም። ሰርቨሮቹ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ሲሆኑ መልእክቱ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ ፒንግ የሚባለው፣ ይረዝማል። ፒንጉ 200 ሚሊሰከንድ ቢሆን በሰዓት 540 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በዚያ ጊዜ 30 ሜትር ይጓዛል፤ የክንፉን ስፋት ሦስት እጥፍ። መምታቱን የሚወስነው በአንዳንድ ጌሞች የተኳሹ ኮምፒውተር፣ በሌሎቹ ሰርቨሩ ነው፤ ስለዚህ ብልጭታ ታይቶ ጉዳቱ ሳይመዘገብ፣ ወይም ጭሱ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ከመፍረድ በፊት ሁለት ሦስት ሰከንድ መጠበቅ ብዙ ግምት ያስተካክላል።

በደካማ ኮምፒውተር ግራፊክሱ ዝቅ ሲደረግ የጭሱ ብናኞች ይቀነሳሉ፤ ሳሳ ያለ የነዳጅ መስመር ከሩቅ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ማስተካከያው ውስጥ ጥላና የውሃ ነጸብራቅ ተቀንሶ የብናኝ ቅንብሩ ከተቻለ መካከለኛ ላይ ቢቀመጥ ኮምፒውተሩ ሳይጨናነቅ ጭሱ ይተርፋል።

ቪዲዮው እውነት ነው ወይስ ጌም?

አርማ 3 የተባለውን ጌም የሚያሳትመው ቦሄሚያ ኢንተራክቲቭ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 የጌሙ ምስሎች የጦርነት ዜና ተደርገው መሰራጨታቸውን አስመልክቶ ማሳሰቢያ አውጥቶ ነበር። ከጠቀሳቸው ምልክቶች መካከል ሆን ተብሎ የተበላሸ የምስል ጥራት፣ የሚንቀጠቀጥ ካሜራ፣ በጨለማ የተቀረጸ ትዕይንት፣ ድምፅ አለመኖር፣ የሰው እንቅስቃሴ አለመታየትና ጭስና ፍንዳታን የመሳሰሉ ብናኞች ተፈጥሮአዊ አለመምሰላቸው ይገኙበታል።

ለአውሮፕላን ቪዲዮ ሁለት ተጨማሪ መፈተሻዎች ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው ጭሱን ራሱን ማየት ነው፤ የጌም ጭስ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ክብ ብናኞች ተደጋግመው የተሰለፉ ይመስላል፣ በነፋስም አይጠማዘዝም። ሁለተኛው ድምፅ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የፈነዳ አውሮፕላን ድምፁ ወደ 10 ሰከንድ ዘግይቶ ይሰማል። ብልጭታውና ድምፁ እኩል ከመጡ ወይ ካሜራው አጠገቡ ነበር፣ ወይ ድምፁ በኋላ ተለጥፏል፣ ወይም የጌም ምስል ነው፤ ቪዲዮውን ለሌላ ከመላክ በፊት ካሜራው ከፍንዳታው በግምት ምን ያህል እንደሚርቅ ለክቶ ሰከንዱን መቁጠር ከባድ አይደለም።